ቁልቁለቱም ስፖርት ነው፤ ድልድዩ ግን ይቅደም!

የእረፍት ቀን ሲመጣ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ወርዶ ሐይቅ ዳር ዓሣ መብላት፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ የእንግሊዝን ኳስ መኮምኮም። በእግሩ መሄድ ያማረው ካለ እንጦጦ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። በዚህ ላይ ክፋት የለም። ግን ዓለም የሯጮች አገር እያለ በሚጠራት ኢትዮጵያ ተራራ መውጣትና ገደል መውረድ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ግር ያሰኛል።

ነገሩን ለማየት ምሥራቅ ጎጃምን ማንሳት ይበቃል። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የ303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ ይሻገርና ደጀን ላይ ብቅ ይላል። ከደጀን በቀኝ ታጥፎ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ይገባል። ይኼ መንገድ በግራ እጁ የጮቄ ተራራን፣ በቀኝ እጁ የዓባይን ሸለቆ ይዞ የሚሄድ ነው። ጮቄ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሙጋን፣ ሱሃንና ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች የሚፈልቁበት፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ የጮቄ ተራሮች ኢኮ ቪሌጅ ነበር። ቢቸና ደግሞ በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ያርበደበደበት አገር፤ አጠገቡ ያለው ዲማ ጊዮርጊስም ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው የቅኔ ደብሮች አንዱ ነው። ታዲያ አንድ ሳምንት እረፍት ላለውና ጉልበቱን ለሚተማመን ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

የዚህ ሁሉ ጫፍ ግን ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይኼ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ቆየ። እንደሚነገረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መሐሉን አፈረሱት። ስሙም ከዚያ በኋላ «ሰባራ» ሆኖ ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላስ? ድልድዩ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እንደተሰበረ ነው የኖረው። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ተሻጋሪው ገመድ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከወዲህ የጎጃም ጎረምሶች ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ፤ ከወዲያ የጎንደሮቹ ይስባሉ። ከታች ዓባይ እየጮኸ ነው። ገበያ የሚሄደው፣ ዘመድ የሚጠይቀው፣ ሐኪም ቤት የሚፈልገው ሁሉ በዚህ መንገድ ተንጠልጥሎ ነው ያለፈው። ከሁለት አንዱ ወገን «ደከመኝ» ብሎ ገመዱን ቢለቅ የሰውዬው ነገር አለቀ ማለት ነው። ስታዲየም ውስጥ የሚታየው የገመድ ጉተታ አንዱ ሌላውን ለመጣል ነው፤ የሰባራ ድልድዩ ግን ሁለቱም ጎትተው አንድ ሰው ለማዳን ነበር።

ይህን ትዕይንት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ፎቶውን አይቶ ዝም ብሎ ገጹን አልገለበጠም። በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በዓመቱም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ የተሰበረውን ክፍተት በብረት ገጠመው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በሌሎች ድሃ አገሮችም የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖሯል። ግን ዓባይ ዓባይ ነው! በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፉ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ከዚያም በ2009 እ.ኤ.አ. በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እንግዲህ ለእግር ተጓዥ ይኼን መንገድ የመሰለ ፈተና የትም አይገኝም። ሞጣ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ጠዋት በጋቢ ተጀቡኖ የተነሳ ሰው ወደ ወንዙ ሲጠጋ ሸሚዙም ይከብደዋል። ብዙ ሰው ቁልቁለት ቀላል ይመስለዋል፤ ጉልበትን የሚበላው ግን እሱ ነው። መመለሻው ደግሞ ዳገትም ሙቀትም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ ውሃ በብዛት መያዝ፣ ፀሐይ ስትከር ጥላ ፈልጎ ማረፍ ያስፈልጋል። ወቅቱም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት ጭቃውም ወንዙም አያስጠጋም። ቆላ ለማደር ያሰበ አጎበሩን አይርሳ። «ዋኝቼ ልምጣ» የሚል ጀግና ካለ ደግሞ ዓባይ ውስጥ አዞ መኖሩን ቀድሞ ይወቅ።

ታዲያ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ የስፖርት አዘጋጅ ይኼን መንገድ አይቶ «የሰባራ ድልድይ ታላቅ የእግር ጉዞ» ብሎ ቢነሳ አይገርምም። ታላቁ ሩጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሕዝብ ለመዝናናት ብሎ ይሮጣል ያለው ስንቱ ነበር? ዛሬ መመዝገቢያው ሲከፈት ቲሸርቱ ይሻማል። የኬንያዋ ኢተንም ብትሆን 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የሻምፒዮኖች መኖሪያ የሚል ስም ይዛ ከመላው ዓለም ሯጭ እየመጣ ቤት ይከራይባታል፣ ይበላባታል፣ ይለማመድባታል። ቢቸናና ሞጣ በከፍታ ከኢተን አያንሱም። የጎደላቸው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ኢተን የመጣ ሯጭ የሚሮጥበት መንገድ ቢበላሽ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሰባራ ድልድይ እንደዚያ አይደለም። ለተጓዡ የአንድ ቀን ትዝታ ነው፤ ለአገሬው ግን እህሉን ገበያ የሚያደርስበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የሚያሻግርበት የዕለት መንገዱ ነው። የተንጠልጣይ ድልድይ ጣውላ ይበሰብሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ገመዱ ይዝጋል። አምስት መቶ ሰው ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ በአንድ ጊዜ ቢነዳበት ምን ሊሆን ነው? ከፎቶና ከጭብጨባ በኋላ እንግዳው በአውቶቡስ ይመለሳል፤ የላላውን ብሎን ይዞ የሚቀረው ገበሬው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ከሜዳሊያና ከቲሸርት በፊት የድልድዩ ጥገና ይምጣ። እያንዳንዱ ተጓዥ ከሚከፍለው ላይ ለጥገና ተቆርጦ በሁለቱም ወገን ሰዎች እጅ ይቀመጥ፤ ድልድዩ የጎጃም ብቻ ወይም የጎንደር ብቻ አይደለምና። መንገድ መሪው የአካባቢው ልጅ፣ ጭነቱ የአካባቢው በቅሎ፣ ማደሪያውም የአካባቢው ቤት ይሁን። ይኼ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ስሜን ተራሮች ላይ እንግዳው አስጎብኚ፣ ጠባቂና ባለበቅሎ ይዞ ነው የሚጓዘው። የመጀመሪያው እንግዳም የግድ ፈረንጅ መሆን የለበትም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአዲስ አበባ የእሑድ ሯጭ፣ የደብረ ማርቆስ መምህር ይቅደም።

«አገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ሽርሽር ይወራል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ ሰው ሞቷል፤ መንገድ ተዘግቷል። የአካባቢው ሰላም ሳይረጋገጥ «ተነሱና ሂዱ» ማለት ሰው ላይ መቀለድ ነው። ግን ሰላም ሲመጣ ምን ይሠራ የሚለውን ያኔ መጠየቅ ከጀመሩ ጊዜው ያልፋል። ድልድዩን የሚያውቅ መሐንዲስ፣ መንገዱን የሚያውቅ ወጣት፣ ገንዘቡን የሚይዝ ማኅበር ከአሁኑ ቢታሰብባቸው ምን ይጎዳል?

ሰባራ ድልድይ በጦርነት ተሰብሮ፣ በድህነት ሳይጠገን ኖሮ፣ በጎርፍ ደግሞ ተወስዶ ሦስቴ ተፈትኗል። ለቀጣዩ ፈተና የእንግዳ ብዛት ምክንያት እንዳይሆን ከስፖርቱ ሰው የሚጠበቀው ጥቂት ነው፤ ከመሻገሩ በፊት የጥገናውን ይክፈል፣ አህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ ካየም ዞር ብሎ ያሳልፈው።