የተገናኘው ሁሉ ኃላፊ ይኑረው

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጎረቤላ፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት ዕቃ የሚፈልግ ደንበኛ ዛሬ እንደ ድሮው ሰው አይልክም። በቴሌግራም ቦት ያዝዛል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፤ የክፍያውን መልእክት አንድ ሶፍትዌር አንብቦ ለመጋዘኑ የዕቃ ማውጫ ይቆርጣል። ቦቱ የአንዱ፣ ሶፍትዌሩ የሌላው፣ መልእክቱ የባንኩ ነው። የኛ የሆነው ደንበኛው ብቻ ነው።

አምና አንድ ባንክ የመልእክቱን አጻጻፍ ቀየረ። ሶፍትዌሩ የገባውን ብር ትቶ ቀሪ ሒሳቡን ማንበብ ጀመረ፤ ቁጥሩ ከትዕዛዙ ጋር አልገጥም ሲለው ማውጫ መቁረጡን አቆመ። አንኮበር ላይ ቤት የሚሠሩ አንድ አባት የቆርቆሮውን ዋጋ ጨርሰው ከፍለው በራችን ላይ ዋሉ። «ብሬ ደርሷችኋል፤ ታዲያ ዕቃዬን ማን ከለከለኝ?» አሉኝ። ባንኩ «ሶፍትዌሩን አናውቀውም» አለ። ሶፍትዌሩን የሠሩት «ባንኩ መቼ ነገረን?» አሉ። ቦቱ የተከፈተው ደግሞ ሥራ በለቀቀ ልጅ ስልክ ቁጥር ነበር። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሲስተሞቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ኃላፊ አልነበረም። ያ ኃላፊ ደግሞ ከደንበኛው ብር የተቀበለው ድርጅት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ የትንሽ ሱቅ ጣጣ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ዘግቶ በየአገሩ በረራ አስተጓጉሏል። አየር መንገዶቹ ያንን ማሻሻያ አልጻፉትም፤ መንገደኛው የጮኸው ግን በእነርሱ ላይ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጅትና መሥሪያ ቤት ከንብረት መዝገቡ ጎን የግንኙነት መዝገብ ይያዝ። የትኛው ሲስተም ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ፣ የማን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ፣ ምን ማየትና ምን ማድረግ እንደተፈቀደለት ይጻፍበት። አካውንት በድርጅቱ ስም እንጂ በሠራተኛ የግል ስልክ አይከፈት። ክፍያ ለማረጋገጥ የገባ ፕሮግራም ገንዘብ የማስተላለፍ ሥልጣን አያስፈልገውም። ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ያስረክብ፤ በዚያው ቀን ይቀየር።

ሲስተሙ ሲቆም የሚያሠራ መጠባበቂያም ይኑር፤ ጥቅሙን ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ንግዱን ያቆየው የስልክ ትዕዛዝ፣ ያለ ኢንተርኔት በ*127# የሚሠራው ቴሌብርና በካርቦን የሚጻፈው ደረሰኝ ነው። ያ አሠራር አሁንም በየጊዜው ይሞከር፤ አዲስ የተቀጠረ ልጅም ይማረው።

ደንበኛው ስልክ ቁጥሩንና የባንክ ሒሳቡን አምኖ የሚሰጠው ለኛ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «መረጃው ያለው ሶፍትዌር ቤቱ ጋ ነው» ብሎ ማምለጥ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

አለቆች «ይህ ሁሉ ወጪ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ የሰው ጊዜ ይበላል። በር ላይ የዋለ ደንበኛ ግን በሚቀጥለው ከሌላ ይገዛል፤ ያኛው ኪሳራ በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

እንግዲህ ሶፍትዌር ሊሸጥ የሚመጣውን ሰው ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችን በፊት፣ የተገናኘበት ሲስተም ሲቀየር ማን እንደሚነግረን፣ ሲቆም ማን ስልክ እንደሚያነሣ፣ ውሉ ሲያበቃ መረጃችንን በምን መልክ እንደሚመልስልን እንጠይቀው። መልሱንም ውሉ ላይ ያስፍር። አልጽፍም ካለ፣ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ።