መሣሪያው ተገዛ፤ ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?

ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሻሻል በተነጋገርን ቁጥር አሁን አሁን አንድ አዲስ ነገር አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም የዲጂታል ሚዲያ ክፍል ነው። ድምፅና ፊልም የሚቀረጽበት፣ የተቀረጸውም የሚስተካከልበት፣ የቆየ ካሴትና ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጥበት፣ ለማንኛውም ሰው በነጻ የተከፈተ ክፍል ማለት ነው። ሐሳቡን እንደግፋለን። የማንደግፈው ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃ መሆኑን ነው። ስንት ኮምፒዩተር ይገዛል? ካሜራው የየት አገር ሥሪት ነው? ግድግዳውስ በምን ይለበጣል? እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ክፍል የሚያቆመው ሰው ነው፣ የሚገድለውም ቁልፍ ነው።

ቁልፍ ስንል በምሳሌ መናገራችን አይደለም። ኮምፒዩተር በስጦታ የመጣለት መሥሪያ ቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያኖረው የማያውቅ ተማሪ ከመካከላችን ማን አለ? ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ላስቲክ ይለብስና በሩ ይቆለፋል። መጥቶ ለሚጠይቅ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። የሚቆልፈውን ሠራተኛ መውቀስ ግን ቀላል ነው። ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በስሙ ተፈርሞበታል። ሳይነካ ተቀምጦ ቢያረጅ የሚጠይቀው የለም፤ ሲሠራበት ቢሰበር ግን ይጠየቃል። ይህ ሰው በሩን ቢቆልፍ ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ አንድ ቤተ መጻሕፍት ካሜራ ከመግዛቱ በፊት መጻፍ ያለበት ደንብ አለ፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ የተሰበረ ዕቃ የቤተ መጻሕፍቱ ወጪ ነው የሚል ደንብ። ለጥገናውም በየዓመቱ ገንዘብ መያዝ አለበት። ይህ ሳይደረግ የሚገዛ ዕቃ ለአቧራ የተገዛ ነው።

የሌላውን አገር ልምድ ብንመለከት ነገሩ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 በቺካጎ ከተማ፣ በሃሮልድ ዋሽንግተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ዩሚዲያ የተባለ ክፍል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተከፈተ። አሳቡ የተመሠረተው ሚዙኮ ኢቶ የተባለች ተመራማሪ ከጓደኞቿ ጋራ ባደረገችው ጥናት ላይ ነበር። ወጣቱ አስቀድሞ ከባልንጀራው ጋራ ለመዋል ይመጣል፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ነካ ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ አንዳንዱ ጠልቆ ይገባል። ይህን ያመነ ቤተ መጻሕፍት «ዝም በሉ!» የሚለውን የቆየ ሕጉን በአንድ ክፍል ውስጥ መተው ነበረበት። በኋላ በዓለም የታወቀው ሙዚቀኛ ቻንስ ዘ ራፐር ገና ተማሪ ሳለ ከዚያ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ወጣቶቹ ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ግን «ወንድም ማይክ» እያሉ ይጠሩት የነበረውን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያረፈውን ገጣሚ ማይክ ሆኪንስን ነው። ሥራው ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ መስማት፣ የጻፉትን ማረም፣ ማበረታታት ነበር። በ2009 የተገዛ ኮምፒዩተር ዛሬ ማንም አይፈልገውም፤ ሰውየው ግን ይታወሳል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ የሚቀርበው ሁለተኛው ምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ነው። በዚያ በማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2016 «የትዝታ ላብ» ልንለው የምንችል ክፍል ተከፈተ። ሰው የቤቱን ካሴት፣ የቪዲዮ ክርና የቆየ ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ፣ በራሱ እጅ ወደ ዲጂታል ገልብጦ ይሄዳል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ በዚያ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነውና። የሠርግ ቪዲዮውን ይዞ የተሰደደ ሰው በዚያ የሚገለብጥበት ቦታ አለው። ያንኑ ሠርግ የደገሰችው እናቱስ በደሴ ወይም በጎንደር የት ትሂድ?

ጓደኞች ሆይ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቸኩለን። ካሴት በፊሊፕስ ኩባንያ ለዓለም የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ያልቀረጸው ነገር የለም። የአዝማሪ ጨዋታ፣ የበገና መዝሙር፣ የቅኔ ጉባኤ፣ የአያት ምርቃት አለበት። መጻፍ የማይችለው ወገናችን ለልጁ ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ደብዳቤ የሚልከው በካሴት ነበር፤ «እንዴት ከረምሽ፣ ላሟ ወልዳለች» እያለ። ክሩ ይሻግታል፣ ይላላል፤ ከክሩም ይልቅ የሚያጫውተው መሣሪያ ፈጥኖ እየጠፋ ነው። የቪዲዮ ክር ማጫወቻን በመጨረሻ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል።

«መጽሐፍ ያልሞላበት ቤተ መጻሕፍት ምን ዲጂታል ያሰኘዋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ክርክራቸው ከባድ ነው፤ ገንዘቡ ከመጽሐፍ መግዣ የሚነሣ ከሆነ እኛም ከእነርሱ ጋራ ነን። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠሩት አያቶቻችን ከድምፃቸው በቀር የተዉልን ጽሑፍ የለም። የእነርሱ መጽሐፍ ካሴቱ ነው፤ እርሱን መሰብሰብ ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ውጭ ነው የሚል ካለ ያስረዳን።

ወጪውን እናስላ። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፋጠን ድምፁን ያበላሻል። አንድ ማጫወቻ ይዞ በቀን 5 ካሴት የሚገለብጥ ሰው በ250 የሥራ ቀን 1,250 ካሴት ይጨርሳል። ባለሙያዎች በሚመክሩት ከፍ ባለ ጥራት ቢቀረጽ እያንዳንዱ ወደ 2 ጊጋባይት ይይዛልና፣ የዓመቱ ሥራ በአንዲት በእጅ በምትያዝ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ድምፅ መቅረጫው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። መብራት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይጠፋ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ከተቀረጸውም ሦስት ቅጂ ተደርጎ አንዱ በሌላ ሕንጻ መቀመጥ አለበት። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ የምርቃት ድግስ ወጪ አይሆንም። የሚወደደው የሰው ሰዓት ነው። የማጫወቻውን ራስ በአልኮል የሚጠርግ፣ ድምፁ ሲደፈን ሰምቶ የሚያስተካክል፣ ከሁሉም በላይ ካሴቱን ያመጡትን እናት አስቀምጦ «ይህ የሚናገረው ማነው? መቼ ነበር? ይህስ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። «ቁጥር 001» ተብሎ ብቻ የተቀመጠ ድምፅ ከጠፋ አይሻልም።

ደግሞ የሰው ምስጢር አለ። ካሴቱ ውስጥ ባል ለሚስቱ ያለው ነገር ለከተማ ሁሉ አይነገርም። ቅጂው አስቀድሞ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚተወው እርሱ ከፈቀደ ብቻ ይሁን። ከሱቅ የተገዛ የሙዚቃ ካሴትማ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለመብት ያለው ስለ ሆነ ኢንተርኔት ላይ መዘርገፍ አይቻልም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጠራው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆትን ነው፤ ወይም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ወመዘክርን። መልካም ነው። ለእኛ ግን አስቀድሞ የሚታየን በክፍለ ሀገር ከተማ ያለች፣ አንድ ትርፍ ክፍል ያላት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ናት። ካሴቱ ያለው እዚያ ነው፤ ቃሉን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ያሉት እዚያ ነው።

ሰዓቱን ከየት እናምጣ ለሚል፣ ሰዓት ያለን እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው አስተምረዋል። እኛ የምንጠይቀው አንድ ክረምት ነው። ማኅበራችን ፈቃደኞችን ይመዝግብ፤ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጋራም ስለ ክፍሉ፣ ስለ ደንቡና ስለ ቁልፉ በጽሑፍ ይዋዋል፤ በሚመጣውም ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩ በአጀንዳ ይያዝልን። እስከዚያው ድረስ በየቤታችሁ የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ካለ፣ እናቶቻችን ለቆራሌው እንዳይሰጡት አደራ በሏቸው።