ቡአ የወንድ ብቻ አይደለም

ቡአ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ወንድ ነው። የሴት ብሽሽት ላይ እብጠት ሲወጣ ግን «ንፍፊት ነው»፣ «የማኅፀን ነው»፣ «ድካም ነው» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ይህ አነጋገር እህቶቻችንን እየጎዳ ነው ብለን እናምናለን። ሞያሌም ሆነ መተማ፣ ቶጎጫሌም ሆነ ጋላፊ ጆንያ የሚያነሱና የሚያወርዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ሄርኒያ ማለት የሆድ ግድግዳ በሳሳበት በኩል አንጀት ወይም የሆድ ስብ ገፍቶ ሲወጣ ነው። እርግዝና፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ዕቃ ማንሳት ግፊቱን ይጨምራሉ። በብሽሽት አካባቢ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከብሽሽት እጥፋት በላይ የሚወጣው ነው፤ በወንዶች በጣም የተለመደ ነው፣ በሴቶችም ቢሆን ከሁለቱ የሚበዛው እሱ ነው። ሌላው ከእጥፋቱ በታች፣ የጭን ትልልቅ ደም ሥሮች በሚያልፉበት አጠገብ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ይህኛው ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን። ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም የወጣው አንጀት በቀላሉ ይታነቃል።

የሴት ሄርኒያ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ስትቆም ወይም ስታስል ብቅ ይላል፤ ስትተኛ ይጠፋል። አንዳንዴም እብጠት ሳይታይ ብሽሽት ላይ መጎተትና ማቃጠል ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ተኝታ ብቻ ከታየች ሊያመልጥ ይችላል። «ቆሜም፣ እያሳልኩም ይታይልኝ» ማለት አያሳፍርም። ካልተለየ አልትራሳውንድ ይረዳል። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣ እብጠት ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚጠፋ የደም ሥር እብጠት ሊሆን ስለሚችል መለየት ያለበት ሐኪም ነው። ድንበር ማዶ ላላችሁ፣ ኬንያ ውስጥ «ንጊሪ»፣ ሱዳን ውስጥ «ፈትቅ» ብትሉ ይገባቸዋል።

መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ክኒን አይዘጋውም፤ መቀነት ጠበቅ አድርጎ መታጠቅም አያድነውም። ሐኪሞች የሳሳውን ቦታ ብዙ ጊዜ በመረብ ያጠናክሩታል። መሣሪያውና ባለሙያው ባለበት ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ መሥራት ለሴቶች ይመረጣል፤ ሁለቱንም ቦታ ከውስጥ ለማየት ያስችላልና። ለአንዳንድ ወንዶች «ሕመም ከሌለው እንጠብቅ» ይባላል፤ ከጭን በኩል የሚወጣውን ግን ማቆየት አይመከርም።

እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ጋዝና ሰገራ ከቆመ ወይም ቆዳው ከቀላና ከጠቆረ ጊዜው የሰዓታት ነው። ወጌሻ አያሸው፤ በግድ አይገፋ፤ ምግብና መጠጥ አይሰጣት። ዕቃው ኬላ ላይ ይቅር፤ እሷ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ትሂድ።

አሁን ወደ ራሳችን። አንዲት ነጋዴ ሕክምናዋን የምታዘገየው ሞኝ ሆና አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ስለማትችል ደንበኛዋ ሌላ ጋ ይሄዳል፤ ቤቷም ገቢ ያጣል። እድራችን ለቀብር ይከፍላል፤ እሷ በሕይወት ሳለች ለሐኪም የሚከፍል ግን የለም። ይህ ይስተካከል እንላለን። እቁብ ያለን ሰዎች ሕክምና ላለባት እህት ዕጣውን እናስቀድምላት። በረንዳ የምንጋራ ነጋዴዎች ተራ ገብተን ዕቃዋን እንሽጥላት። ባሎችም «እስቲ ትንሽ ታገሺ» ከማለት ጆንያውን ያንሱላት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ መታወቂያችሁ መታደሱን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንበር ማዶ እንደማያገለግልም አስቡ። በቀጠሮ የተሠራ ሄርኒያ ከታነቀው ይልቅ ለገላም ለኪስም ይቀላል። ነጋዴ ሒሳብ ያውቃል፤ ይህኛውንም በጊዜ እናስላው።