ለሕፃናት ከሠዓሊው ታሪክ በፊት ሥዕሉ ይቅደም

ስለ ሥነ ጥበብ ክርክር በተነሣ ቍጥር «ሕዝባችን ሥዕል ማየት አያውቅም» የሚል ወቀሳ ይሰማል። እኛ ይህን ወቀሳ አንቀበለውም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሕፃን ገና አፉን በደንብ ሳይፈታ በግድግዳው ላይ ፈረሱን፣ ጦሩንና ዘንዶውን ለይቶ ያያል። ከፍ ሲል ደግሞ ጻድቃኑ በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ በአንድ ዐይን ወደ ጎን ዞረው እንደሚሣሉ ታላላቆቹ ይነግሩታል። የንግሥተ ሳባንም ታሪክ በ44 ክፍል ተሥሎ ሲያገኘው፣ ፊደል ባይቈጥርም፣ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተሻገረ ይከተለዋል። ጉድለቱ የሚመጣው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥዕል ማለት የግድግዳ ጌጥ፣ ሠዓሊም ማለት ለፈተና የሚሸመደድ ስም ይሆንበታል።

በውጭ አገር ሕፃናትን ከታላላቅ ሠዓልያን ጋራ ለማስተዋወቅ የሚታተሙ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ፣ በእኛ አስተያየት፣ አይረቡም። ሠዓሊው ተወለደ፣ ተቸገረ፣ ዝነኛ ሆነ፣ ሞተ ብለው ይጨርሳሉ፤ ሥዕሉን ግን የቴምብር ያህል አሳንሰው በገጹ ጥግ ይለጥፉታል።

በስዊድን አገር በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሊኔያ በሞኔ የአትክልት ቦታ» የተባለው መጽሐፍ ግን የተለየ ነው። ጽሑፉ የክርስቲና ብዮርክ፣ ሥዕሉ የሌና አንደርሰን ነው። ሊኔያ የተባለች ትንሽ ልጅ ጡረታ ከወጣ አትክልተኛ ጎረቤትዋ ጋራ ወደ ፓሪስ ትሄዳለች፤ ክሎድ ሞኔ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1926 እ.ኤ.አ. የኖረበትን የዢቨርኒን አትክልት ትጐበኛለች። በማርሞታን ቤተ መዘክር ወደ አንዱ ሥዕል ተጠግታ ብታይ የቀለም ጠብታና ጭረት ብቻ ይሆንባታል። ወደ ኋላ ስትል ግን በኵሬ ላይ የተንሳፈፈ አበባ ሆኖ ይታያታል። መምህር ስለ ኢምፕሬሽኒዝም አንድ ሰዓት ሙሉ የሚናገረውን ልጅቱ በገዛ እግርዋ ጥቂት ርምጃ ተራምዳ አገኘችው።

እንግዲህ ከእኛ ሠዓልያን ለሕፃናት ማን ይቅረብ? ብዙ ስም መጥራት ይቻላል፤ እኛ በሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንዲጀመር እንፈልጋለን። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥዕላቸው 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን፣ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግልዋንና ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ተከፍቷል፤ ሆኖም ያለው በግቢ ውስጥ ነውና የሰፈር ልጅ እንደ ልቡ ገብቶ አያየውም።

መጽሐፉ ስለዚህ አንድ ሥዕል ብቻ ይሁን። በአንዱ ገጽ ችቦ የያዘው ቤተሰብ ብቻውን በትልቁ ይታተም፤ በሌላው ገጽ ከመስተዋቱ አንድ ቍራጭ ቀለም ብቻ ይታይ፤ በመጨረሻ የሚዘረጋው ሰፊ ገጽ ሙሉውን ይግለጥና ልጁ አስቀድሞ ያየውን ይፈልግ። ቃሉ ይነስ። የሽልማቱ ዝርዝር ፈጽሞ አይግባ። ሎሬቱ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው መመለሳቸው ግን ይግባ፤ እሱን ልጆች ይወዱታል (ወላጆች ባይወዱትም)።

የቀለም ኅትመት ውድ ነው የሚሉን አሉ። በማባዣ መኪና በአንድ ጥቍር ቀለም የምትወጣው ይህች ጋዜጣችን ለዚህ ምስክር ናት። የመስተዋቱን ብርሃንም ወረቀት አይሸከመውም። ነገር ግን 16 ገጽ በጥሩ ቀለም ከ100 ገጽ በደበዘዘ ቀለም ይሻላል፤ አንዱም ቅጂ በክፍል ውስጥ ለ50 ልጅ ይበቃል።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ገጹን ቢያዘጋጁ፣ የአማርኛ ተማሪዎች ቃሉን ቢጽፉ፣ መምህራኖቻችንም ከባለ መብቶቹ ፈቃድ ቢጠይቁልን ሥራው በዚህ ዓመት ሊጀመር ይችላል። ረቂቁም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለአንደኛ ክፍል ልጆች ይሰጥና ሳያዩ የገለጡት ገጽ ሁሉ ይውጣ።