ለጅቡ ቀዳዳ ሠርተናል፤ ለኬብሉስ?

ሐረር ላይ ግድግዳ መብሳት አዲስ ነገር አይደለም። የጁገል ግንብ ራሱ ቀዳዳ አለው። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሉታል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ማታ ጅቡ በዚያ ሾልኮ ይገባል፣ መንገድ ላይ የተጣለውን ትርፍራፊ ጠርጎ ይወጣል። ቦታው የታወቀ ነው፤ ለምን እንደተሠራ የማያውቅ የለም፤ ስምም አለው።

አሁን ሐኪም ጋራ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ቁልቁል ተመልከቱ። ዲሹን መቁጠር አትችሉም። ከዚያ ውረዱና በአንዱ ጠባብ መንገድ ገብታችሁ ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመብራቱ ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ገብቷል። የቤት ስልኩ በሌላ፣ የዲሹ በሦስተኛ፣ የፋይበሩ በአራተኛ። የቤት ስልኩ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽቦው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፣ ቀዳዳው ግን አለ። የከፈተው ሰው ማን እንደነበር የቤቱ ባለቤት እንኳ አያስታውስም።

ይህን ስል «ቅርሱ ተነካ፣ የቱሪስት ፎቶ ተበላሸ» እያሉ ከሚያላዝኑት ጋር እንዳትደምሩኝ። የእነሱ ነገር ያስቀኛል። ራሳቸው ፋይበር በገባበት ቤት ተቀምጠው የጁገል ሰው ያለ ቴሌቪዥንና ያለ ኢንተርኔት እንዲኖርላቸው ይመኛሉ። የአገራችን የመጀመሪያው የስልክ መስመር እኮ ከሐረር ነው የተዘረጋው! በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ግንባታው ተጀምሮ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነው። ጁገል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ይህች ከተማ መሣሪያ መጣ ብላ ደንግጣ አታውቅም። ሽቦው ይግባ። እኔን የሚያነጋግረኝ አገባቡ ነው።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ በኖራ ይለሰናል። በየጊዜው ኖራ እየተቀባ የሚኖረው ለውበት ብቻ አይደለም። ኖራው ውሃ ወደ ጭቃው እንዳይደርስ ይከላከላል፤ የገባውን እርጥበት ደግሞ መልሶ ያስተነፍሳል። ጭቃው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ድንጋዩን ይዞ ይኖራል። ከራሰ ግን ማያያዣ መሆኑ ይቀርና ተመልሶ አፈር ይሆናል።

እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ድሪል እየመታ ሲገባ ምን ይፈጠራል? ድሪሉ ከድንጋይ ይጋጭና በዙሪያው ያለውን ጭቃ ያናጋዋል። ከውጭ የጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ በውስጥ በኩል ልስኑን ይዞ የሳህን ያህል ያፈርሳል። አንዳንዴ ብቅ የሚለው ጣቄቱ ውስጥ ነው፣ የቤቱ እመቤት ዕቃዋን ደርድራ በምታሳምርበት መደርደሪያ። አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። እናትየው «ልጄ፣ እዚህ ጋ አይሆንም፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው» ሲሉ ባለሙያው ከመሰላሉ ሳይወርድ «እማማ፣ ምን አላት፣ ትንሽዬ ቀዳዳ ናት» አላቸው። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በቀዳዳው የጎዳናው ብርሃን ይታይ ነበር። እሳቸው ጨርቅ ወተፉበት።

ጨርቅ መወተፍ ይሻላል ልበል መሰለኝ። ሌላው የተለመደው መላ ሲሚንቶ ነውና። ሲሚንቶ ከጭቃና ከኖራ ጋር አይዋደድም። ጠንካራ ነው፣ አይተነፍስም። እርጥበቱ በእሱ በኩል መውጣት ሲያቅተው ዙሪያውን ያለውን ጭቃ ያላላል፤ ከጊዜ በኋላ ሲሚንቶው የድንጋዩን ፍርፋሪ እንደያዘ ተገንጥሎ ይወድቃል። ቀዳዳው አሁን ጡጫ ያህላል።

ደግሞ «እኔ ጁገል ውስጥ አይደለሁም፣ የጡብ ቤት ነው ያለኝ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በሽታው ያው ነው። ጡብ ላይ የሚሠራ ሰው ጡቡን ትቶ በሁለት ጡቦች መሃል ያለውን የቡኬት መስመር ቢበሳ ነገ መጠገኑ ቀላል ነው፤ የተሰነጠቀ ጡብን ግን አውጥቶ መተካት ያሰለቻል። ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ቀዳዳው በቱቦ ካልተሸፈነ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ከወለሉ አጠገብ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ባለቤቱ «የቧንቧ ችግር ነው» ብሎ ወለሉን ያስቆፍራል።

ትክክለኛው አሠራር ምስጢር አይደለም። ቀዳዳው ከውስጥ ከፍ፣ ከውጭ ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ ውሃ ሽቅብ አይወጣም። ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባበታል። ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ እንዲታጠፍ ይደረጋል፤ ኬብሉን ይዞ የመጣው ጠብታ እዚያ ታች ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቤት አይከተልም። በጭቃና በኖራ የተሠራ ግድግዳ በኖራ ይመረጋል። መብራት ለብቻው አንድ ቱቦ፤ ስልክ፣ ዲሽና ፋይበር በሌላ አንድ ቱቦ። ቱቦው ለመስመሩም ቢሆን ይጠቅማል፤ ፋይበር እንደ መዳብ ሽቦ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ቢቀነጠስ ብርሃኑ ያመልጣል፣ ኢንተርኔቱ ይዳከማል፣ ደንበኛው ደግሞ ስልክ መደወል ይጀምራል። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ታዲያ ለምን አይደረግም? የሚበሳው ሰው የሚከፈለው ላስገባው መስመር ነው፤ ለቀዳዳው የሚጠይቀው የለም። የመብራቱ ሠራተኛ ስለ ስልኩ አያገባውም፣ የስልኩ ስለ ዲሹ አያገባውም። ሦስቱም ቤቱን ያውቁታል፣ እርስ በርሳቸው ግን ተነጋግረው አያውቁም።

ሕጉ ደግሞ ነገሩን የባሰ አስቂኝ ያደርገዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠገንና ማደስ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል ይላል። ተገቢ ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሲመዘገብም ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው። እንግዲህ ግድግዳው የተናጋበት የቤት ባለቤት ለመጠገን ደጅ መጥናት አለበት፤ ያናጋው ሰው ግን መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዷል። ጠጋኙ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በሺው አይጠየቅም። ይህን «ቅርስ ጥበቃ» ብሎ የሚጠራኝ ባለሥልጣን ካለ ፊት ለፊት ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

«አገሩ በስንት ችግር ተወጥሮ አንተ ስለ ቀዳዳ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ቤት በመድፍ ብቻ አይፈርስም። የኮሪደር ልማቱ ሐረርም ደርሷል፤ በዋናው መንገድ ላይ የሚደረገውን ሁሉ በካሜራ እናያለን። ካሜራው ግን ሽቦው ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ቤት የሚገባባትን የመጨረሻዋን አንድ ሜትር አያነሣም። ቤቱን የምትጎዳው ያቺ ሜትር ናት።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የክልሉ የቅርስ ቢሮ፣ መብራቱ፣ ቴሌው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ቤት መግቢያው የት እንደሆነ ይወስኑ፤ የዲሽ ሠራተኞቹንም ይጥሩ። ኖራ የሚያውቁ አዛውንት ጁገል ውስጥ አሉ፤ ለወጣቶቹ ቴክኒሻኖች ሁለት ቀን ቢያስተምሩ ይበቃል። ወጪውን መስመሩን የሚሸጠው አካል ይሸፍን፣ እናቲቱ አይደሉም። የሞተው መስመር ሲነሣ ቀዳዳውም አብሮ ይደፈን።

እስከዚያው እናንተ ክረምቱ ሳይገባ ቤታችሁን በውጭ በኩል ዙሩና ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ስንቱ ሽቦ እንዳለበት፣ ስንቱ ባዶውን እንደቀረ ከታች ጻፉልኝ።