የውጭ ፈንድ በስልክ መግዛት፦ «ሐላል» የሚለው ምልክት የማይሸፍነው መንገድ

በፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከዚያ ከፍ ብሎ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ዐረብ ሀገር ሠርታ የተመለሰች እህት ወይም አሜሪካ ያለ ወንድም የሚልክለት ቤተሰብ ማግኘት አይቸግርም። ከነዚህ ቤተሰቦች ወጣቶች ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፦ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ የውጭ ኢንቨስትመንት ፈንድ መግዛት ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ጥያቄው መልካም ነው። ግን ግማሽ ጥያቄ ነው።

ሰዉ ወደዚህ ለምን እንዳየ እንረዳለን። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። 500,000 ብር ያስቀመጠች እህት ገንዘቧ በዶላር ሲሰላ ከ8,700 ገደማ ወደ 4,100 ገደማ ወረደባት ማለት ነው። ወለድ የሚቀበል ሰው ትንሽም ብትሆን ማካካሻ አለችው። ሪባን ሸሽቶ ገንዘቡን በወዲዓ ሒሳብ ያስቀመጠ ሙስሊም ግን እሷንም አያገኝም፤ የገንዘቡ አቅም ሲሟሟ ቁጭ ብሎ ያያል። ከወለድ ነፃ ባንኮች የትርፍ ድርሻ የሚያስገኝ የሙዳረባ ሒሳብም አላቸው፤ ልዩነቱን ጠይቆ የሚከፍት ግን ብዙ አላየንም። እንዲህ ባለ ጊዜ «የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለድርሻ ሁን፣ በዶላር፣ ያለ ኮሚሽን» የሚል ማስታወቂያ ጆሮ ቢያገኝ አይገርምም።

ፈንድ ማለት የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ቋት ተሰብስቦ በባለሙያ አክሲዮን የሚገዛበት ነው። አንዳንዱ የገበያ ዝርዝርን እንዳለ ይከተላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የትኛው ኩባንያ ይገዛ፣ የትኛው ይሸጥ የሚለውን በየጊዜው የሚወስን ሥራ አስኪያጅ አለው። በሙስሊሞች ዘንድ የታወቀው የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ አማና ነው። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ የሚገኘው ሳተርና ካፒታል የሚያስተዳድረው ሲሆን፣ የመጀመሪያው የአማና ፈንድ እ.ኤ.አ በ1986 ተቋቋመ። የወለድ ባንክ፣ አልኮል፣ ቁማርና የአሳማ ሥጋ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን የማይነገራቸው ነገር አለ። «ሐላል ፈንድ» ሲባል ከወለድ ፈጽሞ የጸዳ ኩባንያ ብቻ ይዟል ማለት አይደለም። ትልልቅ ኩባንያዎች ከባንክ ይበደራሉ፣ ትርፍ ገንዘባቸውንም በወለድ ያስቀምጣሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ዋና ሥራቸው የተፈቀደ ሆኖ አልፎ አልፎ በወለድ የሚሠሩ ኩባንያዎችን አክሲዮን መያዝ በመሠረቱ ክልክል ነው ብሎ ወስኗል። በሌላ በኩል አዩፊ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የባሕሬኑ መመዘኛ አውጪ ተቋም በገደብ ይፈቅዳል፦ የወለድ ብድሩ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ ካልበለጠ፣ በወለድ የተቀመጠው ገንዘብም 30 በመቶ ካላለፈ፣ ያልተፈቀደው ገቢ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ፤ ያም ገቢ ተሰልቶ ለበጎ ሥራ ከወጣ። ስለዚህ «ሐላል» የሚለው ምልክት ከሁለት የዑለማ አቋሞች አንዱን መርጧል። ገዢው የትኛውን እንደመረጠ የማወቅ መብት አለው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር። ሥራ አስኪያጅ ያለው ፈንድ በዓመት ከገንዘቡ አንድ በመቶ ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ ዝርዝር የሚከተሉት ኢስላማዊ ፈንዶች ግማሽ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወስዳሉ። አንድ በመቶ ከቁብ የምትገባ አትመስልም። 10,000 ዶላር በየዓመቱ 6 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት 32,000 ገደማ ይሆናል፤ 5 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 26,500 ገደማ። (ስሌት ነው እንጂ ማንም ይህን ትርፍ ሊያረጋግጥ አይችልም።) በአሜሪካ ገበያ ላይ በተደጋጋሚ የተደረገው ልኬት እንደሚያሳየው በ15 ዓመት ውስጥ ከትልልቅ ኩባንያ ፈንድ ሥራ አስኪያጆች አብዛኞቹ ገበያውን መብለጥ አልቻሉም። ለባለሙያው ምርጫ የሚከፍል ሰው ይህን አውቆ ይክፈል።

ብሮከሩስ? የአሜሪካ ትልልቅ ብሮከሮች እ.ኤ.አ በ2019 መጨረሻ ኮሚሽናቸውን ወደ ዜሮ ሲያወርዱ በነፃ መሥራት ጀመሩ ማለት አይደለም። ሒሳብህ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠው ገንዘብ ወለድ ያገኛሉ፣ አክሲዮንህን ለሌላ ያከራያሉ፣ በብድር እንድትገበያይ ያበረታታሉ። ሐላል ፈንድ በወለድ ብድር የገዛ ሰው ምን እንዳተረፈ እሱ ይመልስ። ስለዚህ ሒሳቡ ያለ ብድር የሚሠራው ዓይነት ይሁን፤ የማከራየቱም ፈቃድ ይዘጋ፤ ላልዋለ ገንዘብ የሚታሰበውም ወለድ ይጣራ። የብሮከሩን ሕጋዊነት አሜሪካ ውስጥ ብሮከርቼክ በሚባለው የነፃ መዝገብ ማየት ይቻላል። በቴሌግራም «አካውንት ልክፈትልህ» የሚል ሰው እዚያ መዝገብ ላይ የለም።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ ጥያቄ እንምጣ፤ ገንዘቡ ከዚህ ወደዚያ በምን መንገድ ይደርሳል? አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የውጭ ፈንድ ልግዛ ብሎ ባንክ ሄዶ ዶላር የሚወስድበት የተከፈተ መስኮት የለም። በተግባር የምናየው ሌላ ነው። እዚህ ያለው ሰው ብሩን ለዘመዱ ቤተሰብ ይሰጣል፤ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለው ዘመድ በዚያው ልክ በዶላር በራሱ ስም ፈንድ ይገዛል። ባንክ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ከሕግ ውጭ የሆነ የምንዛሪ ልውውጥ በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ መንገድ አትሂዱ እንላለን። ነገር ግን የሄዱት ሰዎች ገንዘብ ዛሬም እዚያ አለ፤ የእነርሱ ጉዳይ ደግሞ የአማና ጉዳይ ነው።

ዘመድየው ቢሞትስ? ሒሳቡ በእርሱ ስም ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የእርሱን ወራሾች ነው፤ እዚህ ያለችውን የአክስት ልጅ አያውቃትም። ቢፋታ ንብረቱ ከሚከፋፈለው ሊቆጠር ይችላል። ግብሩን የሚከፍለው እርሱ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ «ከትርፉ ላይ ቀንሻለሁ» ሲል ስንት እንደቀነሰ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ፈንዱ ሲወርድ ደግሞ «ያንተ ነው የወረደው፣ የኔ አልወረደም» የሚል ክርክር ይነሣል። በጋብቻና በዝምድና የተሳሰሩ ሰዎች በዚህ ሰበብ ሲኳረፉ ሰምተናል። ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ ስለ ምን እንደሆነ እናስታውስ፦ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የብድር ውልን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ይናገራል። እኛ ግን «እንዴት ወንድሜን አስፈርማለሁ» እያልን እናፍራለን።

ገንዘቡ እዚያ ያለ ሰው ቢያንስ ሦስት ወረቀት ይያዝ፦ የተሰጠው ገንዘብ ልክና ቀን፣ የባለቤትነቱ ድርሻ፣ ሁለቱ ከሞቱ ለማን እንደሚመለስ፤ በምስክር ፊት የተፈረመ። በየዓመቱም የሒሳቡን መግለጫ ይጠይቅ። ዘካው የሚወድቀው በገንዘቡ ባለቤት ላይ ስለሆነ፣ መግለጫ ሳያይ ስንት እንደሚያወጣ በምን ያውቃል?

በውጭ ለምትኖሩ ደግሞ መንገዱ ቀላልም ሕጋዊም ነው፤ ግን «የውጭ ፈንድ» የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ። አሜሪካ ነዋሪ የሆነ ሰው አየርላንድ የተመዘገበ ፈንድ ቢገዛ ከባድ የግብር ሕግ ይጠብቀዋል፤ እዚያው የተመዘገበውን ይግዛ። አሜሪካዊ ያልሆነና ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት በሌለው ሀገር የሚኖር ሰው በአንጻሩ ከአሜሪካ አክሲዮን ትርፍ ክፍፍል ላይ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ60,000 ዶላር በላይ የአሜሪካ ንብረት ትቶ ከሞተም ውርሱ ግብር ሊነካው ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው እዚህ አማራጭ ስለጠበበ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ 47,377 ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ገዙ፤ ለሽያጭ ከቀረበው አሥራ አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የተሸጠው። ከሙስሊሙ ስንቱ በዚያው የሸሪዓ ጥርጣሬ እንደቀረ መገመት አይከብድም። ኩባንያው የስልክ አገልግሎት ይሸጣል፤ በቴሌብር በኩል ደግሞ ከባንኮች ጋር የብድር አገልግሎት ያቀርባል። የ1992ቱ ውሳኔ ይመዘንበት ወይስ የባሕሬኑ ገደብ? በቁጥር ተሰልቶ፣ በአማርኛ ተጽፎ የተሰጠ መልስ ስንፈልግ አላገኘንም።

ዘምዘም ባንክ በ2013 የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል፤ የሸሪዓ አማካሪዎችም አሏቸው። ከነርሱና ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የምንጠይቀው አንድ ሥራ ነው፦ በገበያው ላይ የተመዘገበ እያንዳንዱ ኩባንያ ሒሳቡን ባወጣ ቁጥር በየትኛው መመዘኛ እንዳለፈ ወይም እንደወደቀ ከነስሌቱ ይታተም። ዝርዝሩ ካለ በሀገር ውስጥ ፈንድ ለማቋቋም ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማመልከቻ የሚያስገባ ባለሀብት የሚነሣበት መሬት ያገኛል።