ታንኳው በማን ስም ይብረር?

እኛ የብስክሌት ጎማ እንኳ የሌለን ተማሪዎች ሰሞኑን ለሌለ አየር መንገድ ቀለም ስንመርጥ ሰነበትን። «ጣና አየር መንገድ» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ እንበል። አይሮፕላኑ ከሩቅ ሲታይ ከጣና ዳር መምጣቱ ይታወቅ ዘንድ ጅራቱ ላይ ምን ይሣል?

የመጀመሪያው ንድፋችን የሠርግ ዳስ ይመስል ነበር። የፋሲል ግንብ፣ ጢስ ዓባይ፣ መሶብ፣ ጀበና፤ አንዱን እናስቀር ያለ ሁሉ አገር እንደ ናቀ ተቆጠረበት። ከሜዳው ማዶ ሆኖ ለሚያየው ግን ያ ሁሉ ሀብት የቆሸሸ ነጠላ ነው።

ነገሩ እኛን ብቻ ያጣላ እንዳይመስላችሁ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጥበብ፣ የደቡብ አፍሪካን የንዴቤሌ ሥዕል ጭምር፣ በአይሮፕላኖቹ ጅራት ላይ ሊያኖር ቢነሣ፣ ወይዘሮ ታቸር ትንሿን አምሳያ ሲያዩ ጅራቷን በመሐረባቸው ሸፈኑት። ኩባንያው በ1999 ማፈግፈግ ጀመረ፤ በ2001 ሁሉንም ወደ ብሪታንያ ባንዲራ ንድፍ እንደሚመልስ አስታወቀ።

ወደ ጣና እንመለስ። ከመካከላችን አንዱ በሰማያዊ መደብ ላይ አንድ ቢጫ መስመር ብቻ ሣለ፤ ወደ ላይ የቀና የደንገል ታንኳ ጫፍ። ከጅራቱ ቅርጽ ጋር እንደ ተመካከረ ሁሉ ገጠመ። ሁላችንም አጨበጨብን። ወዲያው አንዱ «ታንኳውን የሚሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ደንገል ቆርጦ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ በመሥራት ከጥንት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ግን የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እያሉ ለብዙ ዘመን ማዕድ ሲለዩባቸው፣ ጋብቻም ሲከለክሏቸው ኖረዋል። በዚያው አገር ያደገው ጓደኛችን በልጅነቱ ከወይጦ ልጅ ጽዋ ውሃ ጠጥቶ መገረፉን ሲነግረን የጨዋታው ወግ ተለወጠ።

«ሥዕል ሥዕል ነው፤ ምን አገባን?» ያሉ ነበሩ። «እንግዲያውስ ታንኳው ይቅርና ግንቡ ይሣል» ያሉም ነበሩ። ይህ የባሰ ይመስለናል፤ ሰዎቹን ከማዕድ የለየ አገር አሁን ደግሞ ከጅራቱም ሊፍቃቸው ነው። የእኛ አሳብ ታንኳው ይኑር፣ የሠሪዎቹም ስም ከበሩ አጠገብ በጉልህ ይጻፍ፣ ከሁሉ በፊት ግን ይጠየቁ የሚል ነው። ለሌለ አይሮፕላን ፈቃድ መጠየቅ ያስቃል የሚለን አለ። ሳንቲም በማያስወጣው ጨዋታ ያልጠየቅን ሰዎች ነገ ሹመትና ገንዘብ ስንይዝ እንጠይቃለን ብሎ የሚያምነን ማን ነው?

ንድፉ አሁን በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ሁለታችን ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ይዘነው ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ እንዘልቃለን። «እንዲህ ያለው ታንኳ ይገለበጣል» ቢሉን መስመሩን እናርማለን።